ነርሲንግ እየተማሩ ሌላ አሶሼት ዲግሪ ደርቦ መጨረስ፦ ለማን ያዋጣል፣ ለማን አያዋጣም

እዚህ አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ የሚማር ወይ ለመግባት የሚጠብቅ አበሻ ሁሉ የሆነ ሰዓት ላይ ይሄ ጥያቄ ይመጣበታል፦ ፕሪሪክዊዚቶቹን፣ ማለት ከነርሲንግ በፊት የሚወሰዱትን ክላሶች፣ ጨርሻለሁ፣ ሶስት አራት ክላስ ብጨምር የጄኔራል ስተዲስ ወይ የሄልዝ ሳይንስ አሶሼት ዲግሪ (የሁለት ዓመቱ) ይሰጠኛል፣ ከነርሲንጉ ጋር ሁለት ይሆንልኛል፣ ልጨርሰው ወይስ ልተወው? አድቫይዘሩ አንድ ነገር ይላል፣ ሥራ ቦታ ያለችው አርኤን (ላይሰንስ ያላት ነርስ) ሌላ ትላለች፣ ቤተክርስቲያን ያገኘነው ሰው ደግሞ ዲግሪ በዛ ተብሎ አይጣልም ይለናል፣ ተማሪው መሃል ላይ ይቀራል። እኔም ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ እየሠራሁ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በኩል ነው አርኤን የሆንኩት፣ ቢኤስኤኑንም (የነርሲንግ ባችለር ዲግሪውን) ቆይቼ ሥራ ላይ እያለሁ ነው የጨረስኩት፣ ከዛ ወዲህ ብዙ እህትና ወንድም ይሄንኑ ሲጠይቀኝ አንድ በአንድ ከምመልስ ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው ብዬ ነው።

መልሴን መጀመሪያ ልንገራችሁ። የሁለተኛው አሶሼት ዲግሪ ወረቀት ሥራ ስትፈልጉ ምንም አይጨምርላችሁም። ዲግሪውን የሚያስገኙት ክላሶች ግን ሊጠቅሟችሁ ይችላሉ፣ ያውም በሁለት ሁኔታ ብቻ፦ ክላሶቹ በኋላ ለቢኤስኤን መውሰዳችሁ የማይቀር ከሆነና አርኤን የምትሆኑበትን ቀን አንድ ሴሚስተር እንኳን የማያዘገዩ ከሆነ። ሁለቱም ከተሟላ ጨርሱት፣ አንዱ ከጎደለ ግን ቆም ብላችሁ አስቡበት።

ይሄ ሁለተኛ ዲግሪ ከየት ይመጣል

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የፌደራል ርዳታ፣ ማለት በፋፍሳ (የርዳታ ማመልከቻው) የሚመጣው ፔል ግራንትም (የማይመለሰው ርዳታ) ሎንም (ብድሩ)፣ የሚከፈለው ዲግሪ ወይ ሰርተፍኬት የሚያስገኝ ፕሮግራም ውስጥ ለተመዘገበ ተማሪ ነው። ፕሪ ነርሲንግ የሚባል ዲግሪ ደግሞ ብዙ ኮሌጅ ውስጥ የለም። ስለዚህ ነርሲንጉ ተቀብሏችሁ እስክትገቡ ድረስ ኮሌጁ ጄኔራል ስተዲስ ወይ ሄልዝ ሳይንስ ወይ ላይበራል አርትስ ብሎ ያስቀምጣችኋል፣ እናንተ ነርሲንግ ተማሪ ነኝ እያላችሁ ሲስተሙ ላይ ግን የሌላ ዲግሪ ተማሪ ናችሁ ማለት ነው። አናቶሚ አንድና ሁለት፣ ማይክሮባዮሎጂ፣ ኢንግሊሽ፣ ሳይኮሎጂ፣ ስታትስቲክስ እያላችሁ ስትሄዱ ሳታስቡት የዛኛውን ዲግሪ ግማሽ ጨርሳችሁታል። ለዚህ ነው ጥያቄው በየሰው ላይ የሚመጣው። የመጀመሪያው ሥራችሁም በጣም ቀላል ነው፣ የኮሌጁ አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ ዲግሪ ኦዲቱን ክፈቱና የቀረውን ክላስ ቁጠሩ። በግምት ሶስት ይቀረኛል የሚል ሰው ሲከፍተው ስድስት የሚያገኝበት ጊዜ አለ፣ ሰባት ይቀረኛል ብሎ የተወው ደግሞ ሁለት ብቻ ቀርቶት ያገኛል።

እዚህ ላይ ቨርጂኒያ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ደንብ ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀበል ከመጀመሪያው ቢያንስ በ25 ፐርሰንት ክሬዲት መለየት አለበት። 60 ክሬዲት ላለው ዲግሪ ይሄ 15 ክሬዲት ማለት ነው፣ 15 ክሬዲት ደግሞ አምስት ክላስ ነው። ሌሎች ቦታዎችም የየራሳቸው ተመሳሳይ ሕግ ስላላቸው ክላሶቹ ስለተደራረቡ ብቻ ዲግሪው በነጻ ይመጣል ብላችሁ እንዳታስቡ፣ ካታሎጉ ላይ ስለ ሁለተኛ ዲግሪ የሚለውን ክፍል አንብቡ።

የነርሲንጉ ዲግሪ ራሱ ምን ዓይነት ነው?

ይሄ ጥያቄ ብዙ ነገር ይወስናል። አሶሼት ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ኤኤ እና ኤኤስ የሚባሉት ወደ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር ለማድረግ የተሠሩ ናቸው፣ ጄን ኤዱ (እንደ ታሪክና ኢንግሊሽ ያለው አጠቃላይ ትምህርት) በዛ ያለ ነው። ኤኤኤስ የሚባለው ደግሞ በቀጥታ ሥራ ለመግባት የተሠራ ስለሆነ ጄን ኤዱ ትንሽ ነው። ኖቫ፣ ማለት ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ የሚሰጠው የነርሲንግ ዲግሪ ኤኤኤስ ነው፣ ወንዙን ተሻግራችሁ ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ብትሄዱ ግን ኤኤስ ነው። ሁለቱም ቦታ ተመርቃችሁ የምትቀመጡት ኤንክሌክስ፣ ማለት የነርስ ላይሰንስ ፈተናው፣ አንድ ነው፣ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ፣ 5 ሰዓት፣ 200 ዶላር፣ ከቢኤስኤን የመጣውም ያንኑ ነው የሚፈተነው፣ ሲያልፉም ላይሰንሱ ያው አርኤን ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ወደ ቢኤስኤን ስትቀጥሉ ነው። ኤኤኤስ ያለው ሰው ታሪክ፣ ሂዩማኒቲስ፣ አርት፣ ሶሻል ሳይንስ ምናምን ይቀርሃል ሊባል ይችላል፣ ሌላ ኤኤ ወይ ኤኤስ የጨረሰ ሰው ግን እንደ ትምህርት ቤቱ ስምምነት ጄን ኤዱ በሙሉ እንደተጠናቀቀ ይቆጠርለታል። ለሁለተኛው ዲግሪ ካሉት ምክንያቶች በጣም ጠንካራው ይሄ ነው፣ ዲግሪው ሲጠቅም የሚጠቅመው በዚህ በኩል ነው።

ይሄ ነገር ከስቴት ስቴት ይለያያል። ፍሎሪዳ ከሆናችሁ 60 ክሬዲት ያለው ኤኤ ዲግሪ በስቴቱ ሕግ የጄን ኤዱን ጉዳይ ይዘጋላችኋል። ቴክሳስ፣ ዳላስም ሂውስተንም ያላችሁ፣ ዲግሪው ራሱ አያስፈልጋችሁም፣ 42 ክሬዲት የሆነውን ኮር ካሪኩለም ከጨረሳችሁ የስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ እንደ አንድ ጥቅል ነው የሚቀበሉት፣ ትራንስክሪፕቱ ላይ ኮር ኮምፕሊት የሚል መጻፉን ብቻ አረጋግጡ። ሲያትልና አካባቢዋ ያላችሁ ደግሞ የታደላችሁ ናችሁ፣ ዋሽንግተን ስቴት ለነርሲንግ የተለየ ዲቲኤ የሚባል አሶሼት ዲግሪ አዘጋጅቷል፣ 135 የኳርተር ክሬዲት ነው፣ የትራንስፈር ጄን ኤዱና ነርሲንጉ አንድ ላይ ስለተሠራ ከዛ በኋላ ቢኤስኤኑን በአንድ ዓመት መጨረስ ይቻላል፣ እዛ ሆኖ ሌላ አሶሼት ዲግሪ መጨመር ምንም ትርጉም አይሰጠኝም።

መንገዶቹን ጎን ለጎን ስናያቸው

አንደኛው መንገድ ነርሲንጉን ብቻ ጨርሶ፣ ኤንክሌክስ አልፎ፣ ሥራ ገብቶ፣ ከዛ ኦንላይን አርኤን ቱ ቢኤስኤን መሥራት ነው። አብዛኛው አበሻ የሄደበት መንገድ ይሄ ነው፣ ለብዙ ሰውም እስካሁን የተሻለው ይሄ ነው እላለሁ። ምክንያቱ ገንዘብ ነው። እንቁጠረው። በሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ የሜይ 2024 መረጃ የአርኤን መካከለኛ ደመወዝ በዓመት 93,600 ዶላር ነው፣ በሰዓት 45 ማለት ነው። አዲስ ተመራቂ ከዛ ዝቅ ብሎ ስለሚጀምር 36 ዶላር እንበል፣ ሲኤንኤ ሆናችሁ ደግሞ 20 ታገኛላችሁ እንበል። ልዩነቱ በሰዓት 16 ዶላር ነው። በሳምንት 36 ሰዓት፣ ለአንድ ሴሚስተር 16 ሳምንት ስትሠሩ 9,216 ዶላር ይሆናል፣ ከታክስ በፊት። እንግዲህ ሌላ ዲግሪ ልጨርስ ብሎ ነርሲንግ መግቢያውን አንድ ሴሚስተር ያዘገየ ሰው የከፈለው የትምህርት ቤቱን ብቻ አይደለም፣ ይሄንንም ጨምሮ ነው። ነርሲንግ በዓመት አንዴ ብቻ የሚቀበል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ አንድ ሴሚስተር መዘግየት ዓመት ሙሉ ይሆናል።

ደግሞ ላይሰንሱን ይዛችሁ ሆስፒታል ስትገቡ ብዙ ሆስፒታል ለቢኤስኤን የትምህርት ክፍያ ያግዛል። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ድረስ ለትምህርት ቢከፍልላችሁ ታክስ አይቆረጥበትም። ያን ያህል ርዳታ ከፊታችሁ እያለ ዛሬ ከኪሳችሁ አውጥታችሁ አርት ሂስትሪ መክፈል ለምን ያስፈልጋል? አንዳንዱ አርኤን ቱ ቢኤስኤን ደግሞ ዋጋው በክላስ ሳይሆን በስድስት ወር የተወሰነ ነው፣ ደብሊውጂዩ የሚባለው ኦንላይን ዩኒቨርሲቲ እንደዛ ነው፣ ፈጠን ብሎ የሚሠራ ሰው በአንድ ተርም ብዙ ክላስ ያወርዳል። የቀረውን ጄን ኤድ ክሌፕ በሚባለው ፈተና ማለፍም አለ፣ ለአንድ ክላስ 100 ዶላር ገደማ ነው፣ ሳይኮሎጂ፣ ሶሲዮሎጂ፣ የአሜሪካ ታሪክ፣ ሂዩማኒቲስ ሁሉ አለው፣ ዩኒቨርሲቲው ስንት ክሌፕ እንደሚቀበል ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው መንገድ የዛሬው ጥያቄ ነው፣ ነርሲንጉ እንዳለ ሆኖ ሌላ አሶሼት መደረብ። ጥቅሙን ነገርኳችሁ፣ ጄን ኤድ ይዘጋል። ሌላ ጥቅምም አለው፣ ብዙ ሰው ሲያነሳው ስለማልሰማ እዚህ ትንሽ ልቆይበት። ነርሲንግ አለመግባት ሊኖር ይችላል። የቲስ (የነርሲንግ መግቢያ ፈተናው) ነጥብ አልመጣ ይላል፣ አናቶሚ ላይ ሲ ይመጣል፣ አመልካች ይበዛል፣ ገብቶም ከሁለተኛው ሴሚስተር የሚወድቅ አለ፣ ይሄ የሰነፍ ነገር አይደለም፣ ልጅ እያሳደጉ ናይት እየሠሩ የሚማሩ ጎበዞች ላይ ሲደርስ አይቻለሁ። እንደዛ ሲሆን ምንም ዲግሪ ሳይኖረው 70 ክሬዲት ይዞ ከሚቆም ሰው ይልቅ አንድ የተጠናቀቀ ኤኤስ በእጁ ያለው ሰው ወደ ሌላ ነገር፣ ፐብሊክ ሄልዝ ይሁን ሄልዝኬር አድሚኒስትሬሽን፣ በቀላሉ ይሻገራል። ስለዚህ ተቀባይነት ገና ላልመጣለትና ሁለት ክላስ ብቻ ለቀረው ሰው ይሄ ዲግሪ መድን ነው፣ እሱን ጨርሰው ነው የምለው። በአንዳንድ ኮሌጅ ደግሞ ነርሲንግ መግቢያው በነጥብ ስለሆነ ቀድሞ የተያዘ ዲግሪ ነጥብ ያስገኛል፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለምሳሌ ሕጉ ራሱ ኮሌጆች አመልካች ሲመርጡ የያዘውን ዲግሪ ከመስፈርቶቹ አንዱ እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። የእናንተ ኮሌጅ የነጥብ ወረቀት ዌብሳይቱ ላይ ካለ አውርዱና እዩት፣ ዲግሪው ስንት ነጥብ ነው፣ የቲስ ውጤት ስንት ነጥብ ነው? ብዙ ጊዜ አራት ክላስ ከመጨመር ቲስን ደግሞ አጥንቶ መፈተን በትንሽ ልፋት የበለጠ ነጥብ ያመጣል።

ጉዳቱስ? ጉዳቱ ፔል ላይ ነው፣ ይሄን በደንብ ስሙኝ። ፔል ግራንት የዕድሜ ልክ ገደብ አለው፣ በሙሉ ሰዓት ሲቆጠር 12 ሴሚስተር ነው፣ ሲስተሙ ላይ 600 ፐርሰንት ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ገብታችሁ ስንት እንደተጠቀማችሁ ታዩታላችሁ። እኛ ደግሞ ብዙዎቻችን ኢኤስኤል (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ትምህርት) ላይ የተወሰነ ፔል በልተናል። ኢኤስኤል ሁለት ሴሚስተር፣ ፕሪሪክዊዚት ሶስት፣ ነርሲንግ አራት ብትሉ ዘጠኝ ሞላ፣ ለቢኤስኤን የቀረው ሶስት ነው። ከሱ ላይ አንድ ሴሚስተር ለማያስፈልግ ዲግሪ ስታወጡ ቢኤስኤኑ ላይ በሎን ትከፍሉታላችሁ። የ2025-26 ከፍተኛው ፔል 7,395 ዶላር በዓመት ነው፣ የሴሚስተሩ ግማሹ ነው፣ ትንሽ ገንዘብ አይደለም።

ከፔል ሌላ ሳፕ የሚባለው፣ ርዳታው እንዲቀጥል የትምህርት እድገታችሁ የሚለካበት ደንብ፣ አለ። ርዳታ የሚሰጣችሁ የፕሮግራሙን ርዝመት 150 ፐርሰንት እስክትሞክሩ ድረስ ነው፣ 60 ክሬዲት ለሆነ ዲግሪ 90 ክሬዲት ማለት ነው። የሞከራችሁት ነው የሚቆጠረው፣ የወደቃችሁትም ደብሊው ያደረጋችሁትም (መሃል ላይ ያቋረጣችሁትም) ይገባበታል። ፕሪሪክዊዚት፣ የተደገመ አናቶሚ፣ ለሁለተኛው ዲግሪ የተጨመሩ አምስት ክላሶች ተደምረው ነርሲንጉ መሃል ላይ ሆናችሁ 90 ቢሞላ ርዳታው ይቆምና አፒል ጻፉ ትባላላችሁ። ክሊኒካል ላይ እያላችሁ እንደዛ ዓይነት ደብዳቤ ሲመጣ የሚያስከትለውን ጭንቀት አይቻለሁና በጣም ነው የምለምናችሁ፣ ቁጥሩን ቀድማችሁ እወቁት። ሌላው ደግሞ ነርሲንግ ፕሮግራም ውስጥ በይፋ ከገባችሁ በኋላ ፋፍሳ የሚከፍለው ለነርሲንጉ የሚያስፈልገውን ክላስ ነው፣ ለሌላው ዲግሪ ብላችሁ የጨመራችሁት ክላስ ከኪሳችሁ ሊሆን ይችላል።

ሶስተኛው መንገድ የኮሚዩኒቲ ኮሌጁን ነርሲንግ ትቶ ኤኤ ወይ ኤኤስ ጨርሶ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ቢኤስኤን መግባት ነው። ወጣት ለሆነ፣ ቤተሰብ ቤት ለሚኖር፣ ቀን ሙሉ መማር ለሚችል ልጅ ጥሩ ነው፣ እዛ ላይ አሶሼት ዲግሪው ዋናው መንገድ ስለሆነ ተጨማሪ አይባልም። ግን አንድ ነገር ላይ እንዳትሸወዱ፣ ትራንስፈር ዲግሪ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ቦታ ያስገኝ ይሆናል እንጂ ነርሲንግ ስኩሉ ውስጥ ቦታ አያስገኝም። ፍሎሪዳ ኤኤ ያለውን ሰው ከስቴት ዩኒቨርሲቲ አንዱ ይቀበለዋል፣ ነርሲንግ ግን መግቢያው የተገደበ ፕሮግራም ስለሆነ ለብቻው ነው የሚወዳደረው። የካሊፎርኒያው ትራንስፈር ዲግሪም እንደዛው፣ ካል ስቴት ውስጥ ቦታ ይሰጣል፣ የመረጣችሁትን ካምፓስና ነርሲንጉን ግን አይሰጥም። ቤተሰብ ልጄ ሁለት ዓመት ተምራ ጨርሳለች፣ አሁን ነርሲንግ ገባች ብሎ ደግሶ ልጅቱ ግን ገና አመልካች የሆነችበት ነገር ያጋጥማል፣ ያ ለልጅቱ ከባድ ነው።

አራተኛው መንገድ፣ ካለ፣ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ነው። ነርሲንጉን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ እየተማሩ በዛው ጊዜ የቢኤስኤን ክላሶችን ከዩኒቨርሲቲ መውሰድ። ሜሪላንድ ውስጥ ኤቲቢ ይሉታል፣ የዩኒቨርሲቲ ኦፍ ሜሪላንድ ነርሲንግ ስኩልም ከኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ጋር እንዲህ ዓይነት የድርብ ቅበላ ስምምነት አለው፣ ቨርጂኒያም ኖቫና ጆርጅ ሜሰን ተመሳሳይ ትብብር አላቸው። የሁለተኛ አሶሼት ዲግሪ ክላስ ላይ ልታፈሱት ያሰባችሁትን ጉልበት እዛ ብታፈሱት አርኤን በሆናችሁ ማግስት ቢኤስኤኑ ትንሽ ነው የሚቀረው። ጉልበት ይጠይቃል፣ በሳምንት 36 ሰዓት እየሠራ የሚማር ሰው ሊከብደው ይችላል፣ ግን ሰመር ላይ አንድ ክላስ እንኳን ብትወስዱ ያው ወደፊት መሄድ ነው።

ቢኤስኤኑ ላይ ለምን አተኮርሽ ለምትሉኝ

ሆስፒታሎች የሚያዩት እሱን ስለሆነ ነው። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት በ2010 ባወጣው ሪፖርት በ2020 ከነርሶች 80 ፐርሰንቱ ቢኤስኤን ይኑራቸው ብሎ መከረ፣ ከዛ ወዲህ ትልልቅ ሆስፒታሎች ሥራ ሲያወጡ ቢኤስኤን ይመረጣል ወይ በዚህን ያህል ዓመት ውስጥ ትጨርሳለህ ብለው ይጽፋሉ። ኒው ዮርክ በ2017 ሕግ አውጥቶ አዲስ አርኤኖች ላይሰንስ ካገኙ በ10 ዓመት ውስጥ ቢኤስኤን እንዲይዙ አድርጓል። ማግኔት የሚባለውን እውቅና የያዘ ሆስፒታል ነርስ ማናጀሮቹ ቢኤስኤን ወይ ከዛ በላይ ሊኖራቸው ይገባል። አርሚ ነርስ ልሁን ካላችሁም ያለ ቢኤስኤን አይሆንም። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሁለት አሶሼት ያለው ይመረጣል የሚል መስመር የለም። ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቀው ላይሰንስ፣ ኤዲኤን (የነርሲንግ አሶሼት) ነው ወይስ ቢኤስኤን፣ የት ዩኒት ሠራህ ነው። ደመወዝ ላይ ጥቂት ሳንቲም የሚጨምር ቦታ ካለም ለቢኤስኤን ነው የሚጨምረው።

ከኢትዮጵያ ዲግሪ ይዛችሁ ለመጣችሁ

ይሄ ለብቻው መነገር አለበት፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው በጣም ብዙ ዓመት የሚባክነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ነርሲንግ ተምራችሁ ሠርታችሁ የመጣችሁ ከሆነ እንኳን ሁለተኛ አሶሼት፣ የመጀመሪያውም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ሲጂኤፍኤንኤስ፣ አሁን ስሙን ትሩሜሪት ብሎታል፣ ትምህርታችሁን ይገመግምና ስቴቱ ከተቀበለው በቀጥታ ኤንክሌክስ ትቀመጣላችሁ። ከትምህርት ቤቱ ትራንስክሪፕት ማስላክ አድካሚ ነው፣ አውቃለሁ፣ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ቢሮ ለቢሮ መመላለስ ሊኖርበት ይችላል፣ ቢሆንም ከአራት ዓመት ትምህርት ይሻላል። መጀመሪያ ይሄን ሳትሞክሩ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አትመዝገቡ።

በሌላ ሙያ ዲግሪ ያላችሁ፣ አካውንቲንግም ይሁን ባዮሎጂ፣ ደግሞ ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ የውጭ አገር ባችለር ዲግሪም ባችለር ነው፣ ፔል ግራንት አያሰጥም። ፋፍሳ ላይ ዲግሪ የለኝም ብሎ መሙላት በኋላ ገንዘቡን መልሱ የሚያስብል ነው፣ አታድርጉት፣ ሌላውም ሰው አድርጉ ቢላችሁ አትስሙት። ሁለተኛ፣ ዲግሪያችሁን ዌስ በሚባለው የውጭ ዲግሪ ገምጋሚ ድርጅት ኮርስ በኮርስ አስገምግማችሁ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ከሆነ አክሰለሬትድ ቢኤስኤን ማመልከት ትችላላችሁ፣ ፕሪሪክዊዚቱን ከያዛችሁ ከ12 እስከ 18 ወር የሚያልቅ ነው፣ ዋጋው ግን ውድ ነው፣ ሥራ እየሠሩ ለመማርም አይመችም። እናንተ ላይ ሌላ አሶሼት ዲግሪ መደረብ ምንም የሚጨምረው ነገር የለም። ለጄን ኤዱም ቢሆን ብዙ ዩኒቨርሲቲ ባችለር ያለውን ሰው ጄን ኤድ ተጠናቋል ብሎ ነው የሚያየው።

እንግዲህ ማን ይጨርስ

ነርሲንግ ገና ያልገባ፣ ማመልከቻውን አስገብቶ መልስ እየጠበቀ ያለ፣ ያ ሴሚስተር ባዶ የሆነበት፣ ሁለት ወይ ሶስት ክላስ የቀረው፣ ክላሶቹ የሚሄድበት ቢኤስኤን ላይ የሚቆጠሩለት፣ ፔሉም የተረፈው ሰው ይጨርስ፣ በደስታ ነው የምለው። ቁጭ ብሎ ከመጠበቅ ይሻላል፣ ጂፒኤውንም ሊያነሳለት ይችላል። ግን ኤ የምታመጡበትን ክላስ ምረጡ፣ ለማይረባ ዲግሪ ተብሎ የተወሰደ ክላስ ላይ ሲ መጥቶ የነርሲንግ መግቢያ ጂፒኤ ሲወርድ ማየት ያሳዝናል።

ነርሲንግ የገባ ሰው ግን ይተወው። የመጀመሪያው ሴሚስተር ፋንዳሜንታልስ ላይ፣ ከዛ ሜድ ሰርጅ ላይ፣ ጊዜ የሚባል ነገር የለም፣ ክሊኒካል ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ይጀምራል፣ ኬር ፕላን ሌሊት ይጻፋል፣ ብዙ ፕሮግራም ውስጥ ማለፊያው ከ75 በላይ ነው። እዛ ላይ ሌላ ክላስ መደረብ ዋናውን አደጋ ላይ መጣል ነው። ከተመረቃችሁ በኋላም ክላሱ የትም አይሄድም። የሳይንስ ክሬዲት ያረጀባቸው ሰዎችም ይተዉት፣ ብዙ ነርሲንግ ስኩል አናቶሚና ማይክሮን ከአምስት ወይ ከሰባት ዓመት በላይ ከቆየ አይቀበልም፣ የእናንተ አራተኛ ዓመቱን ከያዘ ሌላ ዲግሪ የማጠናቀቅ ጊዜ የላችሁም፣ አሁኑኑ የሚቀበላችሁ ቦታ ሁሉ ላይ አመልክቱ፣ አንድ ካውንቲ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ።

ከመወሰናችሁ በፊት

ሶስት ቦታ ጠይቁ፣ በቃል አይደለም በኢሜይል፣ መልሱ በጽሑፍ እንዲኖራችሁ። ለምትፈልጉት ቢኤስኤን ፕሮግራም አድቫይዘር ያልተረጋገጠ ትራንስክሪፕታችሁን ላኩና በኤዲኤን ብቻ ብመጣ ስንት ጄን ኤድ ይቀረኛል፣ ከኤዲኤን ሌላ ኤኤ ወይ ኤኤስ ይዤ ብመጣስ በሉ። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ነው የዲግሪው እውነተኛ ዋጋ፣ ምንም ልዩነት ከሌለው ነገሩ እዛው አለቀ። ከኮሌጃችሁ አድቫይዘር መጀመር የማልመክረው ክፉ ሆነው ሳይሆን እነሱ የሚያውቁት የራሳቸውን ዲግሪ ስለሆነ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው ምን እንደሚቀበል የሚያውቀው ዩኒቨርሲቲው ነው።

ቀጥሎ ለነርሲንግ አድሚሽን ጻፉ፣ የያዝኩት ዲግሪ ነጥብ አለው ወይ ብላችሁ። መጨረሻ ላይ ለፋይናንሻል ኤይድ። የቀረኝ ፔል ስንት ፐርሰንት ነው፣ ሳፕ ላይ የሞከርኩት ክሬዲት ስንት ደርሷል፣ እና ይሄኛውን ጥያቄ እንዳትረሱት፦ የጄኔራል ስተዲሱን ዲግሪ ተቀብዬ ከዛ ነርሲንግ ብገባ የ150 ፐርሰንቱ ቆጠራ እንደ አዲስ ይጀምራል ወይስ የቀደመው ሁሉ ይደመርብኛል? ይሄ ከኮሌጅ ኮሌጅ ይለያያል። አንዱ ጋ ዲግሪውን መቀበል ቆጠራውን ያቃልላል፣ ሌላው ጋ ያጠብባል። መልሱ ሳይመጣ ግራጁዌሽን አፕሊኬሽኑን አታስገቡ፣ አንዴ ዲግሪው ትራንስክሪፕት ላይ ከተጻፈ ማስነሳት በጣም አስቸጋሪ ነው።